መርዶ በሬዲዮ አይነገርም

የባለቤቴ አርባ በወጣ ዕለት ከዛሪማ አንዲት እናት መጣች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከሰው ሁሉ ኋላ ተቀምጣ ቆየችና፣ ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ሰዉ ሲሳሳ ወደ እኔ ቀረበች። ከዚያ በፊት አይቻት አላውቅም። ማን መሆኗን የነገረችኝ ራሷ ናት። ባለቤቴ በሞተበት ቀን ከድብ ባሕር ወዲያ የጭነት መኪና ተገልብጦ ነበር። በዚያ መኪና ላይ ተሳፍራ የሞተችው ልጅ እናት ነበረች።

ትከሻዬን ስማ እጄን ያዘችና፣ "ለልጄ ብሎ ሲሮጥ ነው የቀረው" አለችኝ። "እኔስ ወንድሜ ነው ብዬ አለቅስለታለሁ።"

የያዘችው የነገሩን ግማሽ ነበር። ባለቤቴ ለልጇ ሲሮጥ መሞቱ እውነት ነው። ልጇ ግን የሞተችው ሌሎች ወደ እሱ ሲሮጡ ነው፤ እሱ ደግሞ በዚያ ሰዓት የማንም ርዳታ አያስፈልገውም ነበር። ይህን እናትየዋ አታውቅም ነበር። ጎንደር ከእኅቴ ዘንድ ከመጣሁ ወዲህ፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ባለችው ክፍሌ ተቀምጬ ሳስበው የከረምሁት ይህን ብቻ ነው፤ ልንገራት ወይስ እንዳመሰገነችን ትኑር።

በዚያን ጊዜ የምንኖረው ሊማሊሞ ቁልቁለት አፋፍ ላይ ባለው ከተማ ነበር። እሱ የአምቡላንስ ሹፌር፣ እኔ በአደጋ ጊዜ ሰዎችን የማገናኝ የሬዲዮ ሠራተኛ ነበርሁ። ከሊማሊሞ በታች ባሉት ጠመዝማዛዎች ስልክ አይሠራም፤ የሚሠራበትም ቦታ ኔትወርኩ አንዳንዴ ለወራት ይጠፋል። ስለዚህ ሬዲዮው ጌጥ አልነበረም።

ጠረጴዛዬ ላይ ሦስት ሬዲዮ ነበር፤ የአምቡላንሱ፣ የፖሊሱና የደን ጠባቂዎቹ። ሦስቱም በየራሳቸው ሞገድ ስለሚሠሩ አንዱ ሌላውን አይሰማም። ጠባቂው ከገደል አፋፍ ላይ ሆኖ የወደቀ መኪና ቢያይ፣ ከሥሩ መንገድ ላይ ለቆመው ፖሊስ የሚነግረው በእኔ በኩል ነው። ከአንዱ እሰማለሁ፣ ለሌላው እናገራለሁ። ይህ ጊዜ ይፈጃል፤ ሁሉም ያማርራል። እኔ ግን በዚያች መሐል ባለችው ጊዜ ቃል እመርጥ ነበር። ጠባቂው "እረኛው አልቆለታል" ቢለኝ ለፖሊሱ እንዳለ አላቀብለውም። በዚያ አገር ፖሊሱም ነርሷም ለአንድ ሰው ዘመድ ናቸው። "አንድ ሰው ወድቋል፤ አለቃህን ብቻውን አቅርብልኝ" እላለሁ። አለቃው ይረዳዋል፤ የቀረው በወጉ ይሆናል። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎረቤት ይሰማል፣ ሊነጋጋ ሲል ደጃፉ ላይ ተሰብስበው መርዶው ይነገራል። እስከዚያ ድረስ ሰውየው "ትንሽ አሞታል"። ሁላችንም ያደግነው እንዲህ ነው። አባቴ የሞተ ጊዜም እኔን ከጎንደር የጠሩኝ "አሞታልና ነይ" ብለው ነው።

ከዚያ አዲሶቹ ሬዲዮዎች መጡ። እያንዳንዱ የሁሉንም ሞገድ ይይዛል። አሠልጣኙ ትሑት ወጣት ነበር፤ አደጋ ሲደርስ ሁላችንም ወደ አንድ የጋራ መስመር እንድንዞር፣ አንዱ የተናገረውን ሁሉም እኩል እንዲሰማ አስተማረን። በመስመሩ ላይ የተባለው ነገር እንደተባለ ይያዛል አለን፤ ትርጉም አይፈለግለትም፤ ያልተባለ ነገር እንዳልሆነ ይቆጠራል። ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። ነገሩ ሸጋ ነበር፤ አሁንም ሸጋ አይደለም ማለት አልችልም። በጋው ላይ የስንቱን እናት ምጥ እንደደረሱበት አውቃለሁ።

መስመሩ የተከፈተ ሰሞን እንደ ገበያ ሆኖ ነበር። ከጠባቂዎቹ አንድ በዕድሜ የገፉ ሰው ነበሩ፤ እኔ አያ ነበር የምላቸው፣ እሳቸው እቴ ይሉኛል። ሬዲዮውን በጨበጡ ቁጥር የሁሉንም ቤተሰብ ደኅንነት ሳይጠይቁ ወደ ጉዳይ አይገቡም። የፖሊስ አዛዡ መስመሩን ይልቀቁ ቢላቸው፣ ሰላምታ የማይወጣበት መስመር ለምን ይረባል ብለው መለሱለት። ባለቤቴም አንድ ቀን መኪና ውስጥ ሆኖ፣ እንግዲህ ቤትም አንቺ መኪናም አንቺ፣ የት ልሽሽ አለኝ። ወረዳው ሁሉ ይሰማል። ወዲያው ሽማግሌው ገቡና፣ "እኛ ዘንድ ና፤ እዚህ ያለው ጭላዳ ዝንጀሮ ብቻ ነው፤ ጭላዳ ደግሞ የት ዋልህ አይልም" አሉት። እስከ ምሽት እየተቀባበሉ ሲሥቁብኝ ዋሉ።

ያ ቀን ክረምት ነበር፤ ከሰዓት በኋላ። ከገበያ የሚመለስ የጭነት መኪና፣ ከጆንያው በላይ ሰው የጫነ፣ ከድብ ባሕር ወዲያ ተገለበጠ። በቦታው የደረሰው የትራፊክ ፖሊስ በጋራው መስመር ገባና የአብዛኛው ጉዳት ቀላል መሆኑን፣ አንዲት ልጅ ግን ጭኗ ላይ ክፉኛ ተቆርጣ ደሟ እንደሚፈስ፣ በቀበቶው አጥብቆ እንዳሰራት ነገረን። ቶሎ ከደረሳችሁላት ትተርፋለች አለ። ባለቤቴ ብቻውን ወጣ። ነርሷ ምጥ ላይ ያለች እናት ይዛ ስለነበር፣ ከድብ ባሕር የጤና ባለሙያ እንዲያሳፍር ተነጋገርን። አፋፉን ሲያልፍ ጉሙ ወፍራም መሆኑን፣ ቀስ ብሎ እንደሚወርድ ነገረኝ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማሁም።

ደጋግሜ ጠራሁት። አይመልስም። አስተባባሪያችን ቶሎ ብሎ ሁለተኛ አምቡላንስ ከጎረቤት ወረዳ ለማስላክ ወደ አዛዡ ቢሮ ሄደ። ክፍሉ ውስጥ እኔና ሬዲዮው ቀረን። ሽማግሌው ጠባቂ መስመር ላይ ገብተው ድንጋይ ሲናድ መስማታቸውን፣ ወደዚያው እየወረዱ መሆናቸውን ተናገሩ። ሰላምታ አላስቀደሙም።

ከቆይታ በኋላ ድምፃቸው ተመለሰ። ያለከልካሉ። የመጀመሪያው ቃላቸው ጥያቄ ነበር።

"እዚያ ሌላ ሰው የለም ወይ?"

"እኔ ብቻ ነኝ፤ ይቀጥሉ" አልሁ።

ዝናቡ በሬዲዮው ውስጥ ይሰማኛል።

"መኪናው ከመንገድ ወርዷል" አሉ። "ቋጥኝ መትቶት ነው። ሹፌሩ ተጎድቷል።"

"ይናገራል?"

"ደክሞታል። አሁን አይናገርም። ደህና ነው እቴ፤ አይዞሽ።"

በዚያ አገር የተወለደ ሰው ሁሉ ይህን ንግግር ያውቀዋል። ሌላ ሰው የለም ወይ ተብሎ ከተጠየቀ፣ ከዚያም ደህና ነው አይዞሽ ከተባለ፣ ሴትየዋ መቀነቷን አጥብቃ ሰው መጥራት ነው ያለባት። እኔ ግን ጆሮዬ የሬዲዮ ጆሮ ሆኖ ነበር፤ የተባለውን እንደተባለ ያዝሁት። ወይም መያዝ ፈለግሁ። የትኛው እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሽማግሌው የተናገሩት ለአንዲት ሚስት ነበር። የሰማው ግን መስመሩ ሁሉ ነው፤ ፖሊሱ፣ አዛዡ፣ አስተባባሪው፣ እየመጣ ያለው ሁለተኛው አምቡላንስ። ሌሎቹም እንደ እኔ እንደተባለ ያዙት።

አስተባባሪው ሲመለስ ውሳኔው ግልጽ ነበር። ሁለት ከባድ ጉዳተኛ አለ፤ አምቡላንሱ አንድ ነው፤ ሹፌሩ በመንገዱ ላይ ይገኛል፤ መጀመሪያ እሱን አንሥተው ከዚያ ወደ ልጅቷ ይውረዱ። ማንም ሰው በሱ ቦታ ቢሆን እንዲሁ ይወስን ነበር። የትራፊክ ፖሊሱ ብቻ፣ እዚህ ያለችውም ጊዜ የላትም አለ። ቶሎ ይደርሳሉ ተባለ።

አምቡላንሱ ቁልቁለቱ ላይ ቆመ። የሁለተኛው አምቡላንስ ሹፌርና ነርስ ቃሬዛ ይዘው በጭቃው ገደሉን መውረድ ጀመሩ። ከላይ የተናደው ድንጋይ ገና አልረጋም፤ ገመድ አስረው ነበር የሚወርዱት። ይህን ሁሉ በየመሐሉ ይነግሩናል። ወደ መኪናው ቀርበናል አሉ። ጠባቂው ይታየናል አሉ።

ከዚያ መስመሩ ጭር አለ።

መጀመሪያ ባትሪ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን የሌሎቹም ድምፅ አብሮ ጠፋ። አንዱ አዝራሩን ጫን ያደርግና ሳይናገር ይለቀዋል፤ ያቺ ትንሽ ድምፅ ብቻ ትሰማለች፤ ሌላውም እንዲሁ። በኋላ ነው የገባኝ። ነርሱ የጠባቂውን ጋቢ ለብሶ የተጋደመውን ሰው ገልጦ አየ። ሽማግሌው፣ ሚስቱ መስመር ላይ ናት አሉት። እሱም ዝም አለ። ዝም ማለቱ ለአዛዡ ገባው፤ እሱም ዝም አለ። በአንድ ጊዜ ከእኔ በቀር ወረዳው ሁሉ አወቀ፤ ስላወቀም ማንም አፉን መክፈት አልቻለም።

ታች ያለው የትራፊክ ፖሊስ ግን የሆነውን ሳያውቅ ይጣራል። "አምቡላንሱ የት ደረሰ? ልጅቷ እየቀዘቀዘች ነው።" መልስ የለም። "የሰማ ሰው ይመልስልኝ እንጂ። ምነው ዝም አላችሁ?"

አስተባባሪውን አየሁት። ግድግዳውን ያያል። ያን ጊዜ አወቅሁ።

እንዴት እንደተናገርሁ ይጠይቁኛል። እጄ አዝራሩን ለምዶታል።

"ሁለተኛው አምቡላንስ፣ ይሰማል?" አልሁ። "ሹፌሩ ሞቷል ወይ?"

ማንም አልመለሰም።

"ከሞተ ተዉት። ወደ ልጅቷ ውረዱ።"

ነርሱ ብቻ፣ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ፣ እሺ አለ። እንደገና ያን ገደል መውጣት ነበረባቸው። ሲወጡ ዝናቡ በረታ። አስተባባሪው ማዳመጫውን ከእጄ ሊቀበለኝ ቢሞክር አልሰጠሁትም። ብሰጠው ወደ ቤት መሄድ ይኖርብኛል፤ ቤት ደግሞ ያለው ነገር ይታወቃል። የትራፊክ ፖሊሱን አናገርሁት፤ መኪናው እንደተነሣ፣ ቀበቶውን እንዳያላላ ነገርሁት። እሱም አንዴ ስለ ልጅቷ ነገረኝ። ውኃ ትጠይቃለች አለ። እናቷ ከገበያ ቀድማት መመለሷን፣ እንዳትሰማ አደራ እንዳለችው ነገረኝ።

አምቡላንሱ ድብ ባሕርን ሲያልፍ ነው ፖሊሱ የመጨረሻውን የተናገረው። "እንግዲህ አትቸኩሉ" አለ። "መንገዱ ያንሸራትታል፤ ቀስ ብላችሁ ኑ።" ይህንን ትርጉም ሳይፈልጉለት ሁሉም ተረዱት።

በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ደጃፌ ላይ የእግር ድምፅ ሰማሁ። ሽማግሌዎች፣ የንስሐ አባታችን፣ የእድሩ ሰዎች፣ ጎረቤቶች። ተቀምጬ ነው ያገኙኝ፤ ጥቁር ልብሴን ለብሻለሁ። የንስሐ አባታችን ገና ያልሰማሁ ይመስል ጉሮሯቸውን ጠርገው ስለ አዳም ልጅ ዕጣ ጀመሩ። በሬዲዮ ራሴ የተናገርሁትን መርዶ በወጉ ነገሩኝ። ያን ጊዜ ጮህሁ። ሌሊቱን ሙሉ ያልመጣ ልቅሶ በተነገረኝ ጊዜ መጣ። እንደ ወጉ ያለ ነገር የለም ብዬ እንዳልጽፍ፣ ያው ወጉ ነው የአንዲትን ልጅ ደም ያፈሰሰው። ወጉ ከንቱ ነው ብዬ እንዳልጽፍም፣ በዚያ ንጋት ያለ እሱ ደረቴ ይፈነዳ ነበር።

ሽማግሌው ጠባቂ ከሰዎቹ ኋላ ቆመው ነበር፤ ያለ ጋቢ። አልገቡም። ከቀብር በኋላ ሰው ልኬ አስጠራኋቸውና መጡ፤ ቢለመኑም አልቀመጥም አሉ። እኔ ምንም ሳልላቸው፣ "ሌላ ሰው ቢኖር ኖሮ እውነቱን እነግር ነበር" አሉኝ። "አንቺ ግን ሚስቱ ነሽ። ብቻሽን ነሽ። በምን አፌ?" ሬዲዮው ወደ ሁሉም እንደሚሄድ ረስተውት እንደሆነ ጠየቅኋቸው። አልረሳሁም አሉ። የሰማኝ ሁሉ ይገባዋል ብዬ ነበር እንጂ፤ የዚህ አገር ሰው አይደሉም ወይ? የልጅቷን መሞት የሰሙት አስከሬኑ ከገደል ከወጣ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ አልያዙም።

ቢሮው ስብሰባ ጠራ፤ በጋራው መስመር ላይ የሞተ ሰው ሞቷል ተብሎ ብቻ እንዲነገር ተወሰነ። ጠባቂዎቹን እንዳለማምድ እኔን ለመኑኝ። አንድ በአንድ ቃሉን እንዲናገሩ ማድረግ ነበር ሥራው። አንዱ ወጣት ሬዲዮውን ጨብጦ፣ ዐይኑን ከእኔ ላይ ለማንሣት ሲታገል አየሁትና ስብሰባውን ትቼ ወጣሁ። በዚያው ወር ሥራውን ለቅቄ ወደ ጎንደር ወረድሁ።

ወደ ዛሪማ የሄድሁት ክረምቱ ከወጣ በኋላ ነው። ሚኒባሱ ሊማሊሞን ሲወርድ ወደ ውጭ አላየሁም። የእናትየዋን ቤት ገበያው አጠገብ ጠይቄ አገኘሁት። ተነሥታ ተቀበለችኝ፤ እግሬን ልታጥበኝ አለች፤ እንቢ አልሁ። እንጀራ አቀረበች፤ አልበላሁም። እንግዳ እንዲህ ሲሆን ምን ይዞ እንደመጣ ይታወቃልና፣ መሶቡን ከድና ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

እንደሆነው ነገርኋት። ሽማግሌው ያሉትን፣ አምቡላንሱ ገደል አፋፍ ላይ መቆሙን፣ ለሞተ ሰው ገመድ ሲታሰር ልጇ መጠበቋን። አንድም ነገር አላስቀረሁም። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"ምነው ልጄ፣ ዝም አትዪም ነበር?" አለችኝ።

እውነቱን ማወቅ መብትሽ ነው ብዬ ነው አልኋት። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ የስብሰባ ቃል መሆኑ ተሰማኝ።

"እኔ ለባልሽ ሻማ አበራ ነበር" አለች። "የሰው ልጅ ለልጄ ሞተላት እያልሁ ጎረቤቱን ሁሉ አጽናናበት ነበር። አሁን በምን ልጽናና? አሁን እኮ ባልሽ ነው ልጄን የወሰደብኝ። እንዲህ ብዬ ልኑር?" ድምፅዋ ከፍ አላለም። "አንቺ ቀለለሽ። ለኔ አወረድሽው።"

የመጣሁት ለሷ ብዬ ይሁን ለራሴ፣ በመንገድ ላይ እርግጠኛ ነበርሁ፤ ፊት ለፊቷ ተቀምጬ ግን አልነበርሁም። ቀኑ ሳይመሽ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። ትታኝ ትቀመጣለች ብዬ ነበር፤ ነጠላዋን አንሥታ ተከተለችኝ። እንግዳ ብቻውን አይሸኝም። እስከ መኪናው መንገድ ድረስ ጎን ለጎን ሄድን፤ አንድም ቃል አልተነጋገርንም። መንገዱ ዳር ቆመን መኪና ጠበቅን። እጇን ዘርግታ ሚኒባስ ያስቆመችልኝ እሷ ናት።

እግሬን ደረጃው ላይ ሳደርግ ክንዴን ያዘችኝ።

"ያ ሽማግሌ" አለች፣ "ደህና ይተኛል ወይ?"

እንደማይተኛ ነገርኋት። ሬዲዮ መያዝ መተዋቸውን፣ ሰው ዘንድም መሄድ መተዋቸውን ነገርኋት።

ረዳቱ እንግባ እያለ በሩን ይመታል። ክንዴን ጠበቅ አድርጋ ይዛ ቆየች።

"እንግዲያ እኔ ማወቄን እንዳትነግሪው" አለችኝና ለቀቀችኝ።